ለሃይብሪድ የሚጨመረው ገንዘብ የሚመለሰው ለማን ነው?

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያናችን መኪና ማቆሚያ ቆመን ስንጨዋወት፣ መኪና ለመለወጥ ያሰበ ሰው ሁሉ የሚያነሣው ጥያቄ አንድ ሆኗል፤ ይኸውም ሃይብሪድ ለሆነው፣ ማለትም ከቤንዚን ሞተር ጋር ባትሪና የኤሌክትሪክ ሞተር ላለው የቅንጦት ኤስዩቪ ተጨማሪ ገንዘብ መክፈል ያዋጣል ወይ የሚል ነው። እኔ በሰሜን ቨርጂኒያ የኤርፖርት መንገደኞችን በማመላለስ የምተዳደር፣ ላለፉት ስድስት ዓመታትም ሃይብሪዱን ሌክሰስ አርኤክስ 450ኤች የምነዳ ሰው በመሆኔ፣ ከሥራዬ ያየሁትን ለአንባቢዎቻችሁ ላካፍል ወደድሁ።

በቅድሚያ መታወቅ ያለበት፣ ሃይብሪድ የሚለው ስም ጠባያቸው የማይገናኝ መኪኖች ላይ መለጠፉ ነው። ነዳጅ ለመቆጠብ የተሠራ አለ፤ ጉልበት ለመጨመር የተሠራ አለ፤ ከግድግዳ ሶኬት ቻርጅ የሚደረግም አለ። ሻጭ ሁሉንም በአንድ ስም ቢጠራቸውም፣ የገዢው ሒሳብ ግን ለየብቻ ነው።

ከ2023 ሞዴል ጀምሮ የወጣውን አርኤክስ እንውሰድ። በአራቱም ጎማ የሚጎትተው ባለ ቤንዚኑ አርኤክስ 350፣ በመንግሥት መለኪያ መሠረት በአንድ ጋሎን ከተማ ውስጥ 21፣ በአውራ ጎዳና 28 ማይል ይሄዳል። ሃይብሪዱ 350ኤች ደግሞ ከተማ ውስጥ 37፣ በአውራ ጎዳና 34 ማይል ይሄዳል። በዓመት 12,000 ማይል ከተማ ውስጥ ብቻ የሚነዳ ሰው ሃይብሪዱን ቢይዝ 247 ጋሎን ያህል ይተርፈዋል፤ ጋሎኑን በ3 ዶላር ከ25 ሳንቲም ብናስበው 800 ዶላር ገደማ መሆኑ ነው። ያንኑ ርቀት በአውራ ጎዳና ብቻ የሚነዳው ግን የሚያተርፈው 76 ጋሎን፣ ማለትም 250 ዶላር ያህል ነው። በተመሳሳይ ደረጃ ያሉት የሁለቱ መኪኖች የዋጋ ልዩነት ከ2,000 ዶላር ብዙ የማይርቅ በመሆኑ፣ ለመጀመሪያው ሰው ጭማሪው በሁለት ዓመት ተኩል ሲመለስለት፣ ሁለተኛው ስምንት ዓመት መጠበቅ አለበት።

ይህን ሁሉ ልዩነት የሚያመጣው ፍሬኑና መቆሙ ነው። ፍሬን በተያዘ ቁጥር፣ በሌላው መኪና ሙቀት ሆኖ የሚባክነው ጉልበት በሃይብሪዱ ወደ ባትሪ ይመለሳል፤ መብራት ላይ ሲቆምም ሞተሩ ይጠፋል። በነሐሴ ሙቀት ኤርፖርት ተራ ስንጠብቅ፣ ከጎኔ ያለው ባልደረባዬ ማቀዝቀዣውን ላለማጥፋት ሲል ሞተሩን ሙሉ ሰዓት ሲያስነሣ፣ የእኔ መኪና በባትሪው ታቀዘቅዛለች፤ ሞተሩ አልፎ አልፎ ለጥቂት ደቂቃ ይነሣና ባትሪውን ሞልቶ ይጠፋል። የፍሬን ሸራም እንደ ድሮው ቶሎ ቶሎ አልቀይርም። መንገዱ ክፍት በሆነበት ሰዓት ወደ ደለስ ኤርፖርት ስነዳ ግን ይህ ሁሉ ጥቅም እምብዛም አይታየኝም።

እኛ ቨርጂኒያ የምንኖር ሌላም ነገር ማስላት ይገባናል። ግዛቱ በአማካይ በጋሎን 25 ማይልና ከዚያ በላይ የሚሄዱ መኪኖች ሲመዘገቡ የመንገድ መጠቀሚያ ክፍያ ይጠይቃል፤ አማካዩ 24 የሆነው አርኤክስ 350 ከዚህ ሲያመልጥ፣ 36 የሆነው 350ኤች ይከፍላል። ገንዘቡ ቁጠባውን የሚያጠፋ ባይሆንም፣ ሻጩ የማይነግረን በመሆኑ አነሣሁት።

ጉልበት ለመጨመር የተሠራው፣ ከ60,000 ዶላር በላይ የሚጀምረው ሃይብሪዱ አርኤክስ 500ኤች በጋሎን በአማካይ 27 ማይል ነው የሚሄደው። ፍጥነቱን የወደደ ይግዛው፤ ለነዳጅ ቁጠባ ብሎ የሚገዛው ግን ተሳስቷል።

ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያስገደደኝ ሦስተኛው ዓይነት ነው። አንድ የቅርብ ወዳጄ ባለፈው ዓመት ቻርጅ የሚደረገውን የቢኤምደብሊው ኤክስ5 ሃይብሪድ ገዛ፤ ዋጋው ከባለ ቤንዚኑ ኤክስ5 5,000 ዶላር ያህል ይበልጣል። ባትሪው ሲሞላ ያለ ነዳጅ 40 ማይል ገደማ ስለሚሄድ፣ ጋራዥ ያለውና ሥራው ቅርብ የሆነ ሰው ሳምንቱን ሙሉ ቤንዚን ሳይነካ ሊሰነብት ይችላል። ወዳጄ ግን የሚኖረው በኪራይ አፓርታማ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሲሆን፣ በግቢው አንድም ቻርጅ ማድረጊያ የለም። ባለፈው ወር ጎማ ልናወጣ የኋላውን በር ስንከፍት፣ ገመዱ ከነቦርሳው አንድ ጊዜ እንኳ ሳይፈታ አገኘነው። ይህ መኪና ባትሪው ሲያልቅ በጋሎን 22 ማይል ነው የሚሄደው፤ ባለ ቤንዚኑ ኤክስ5 ግን 25 ይሄዳል፤ ያን ከባድ ባትሪ አይሸከምምና። ስለዚህ ወዳጄ 5,000 ዶላር ጨምሮ፣ በዓመት 12,000 ማይል ቢነዳ 65 ጋሎን ያህል ተጨማሪ ያቃጥላል ማለት ነው፤ ያውም ፕሪሚየም የሚባለውን ውዱን ቤንዚን። ማታ መኪናውን የት እንደሚያቆም ከሸጠለት ሰው አንድ ጥያቄ እንኳ እንዳልቀረበለት ሲነግረኝ በጣም አዘንሁ። የፌዴራሉ መንግሥት የግብር ቅናሽም ከሴፕቴምበር 30 ቀን 2025 በኋላ ለተገዛ መኪና ስለቀረ፣ ስሕተቱን የሚያቃልል ነገር የለም።

ብዙ ሰው ስለሚፈራው የባትሪ ዕድሜ አንድ ነገር ልበል። ሌክሰስ ከ2020 ሞዴል ወዲህ ለሃይብሪድ ባትሪው የ10 ዓመት ወይም የ150,000 ማይል ዋስትና ይሰጣል። እኔን አንድ ጊዜ የማስጠንቀቂያ መብራት አስደንግጦኝ ነበር፤ ጎንበስ ብዬ ሳይ፣ ከኋላ ወንበር ሥር ያለውን የባትሪውን አየር ማስገቢያ የልጄ ብርድ ልብስ ደፍኖታል። ብርድ ልብሱን አንሥቼ መተንፈሻውን በቫኪዩም ካጸዳሁት ወዲህ መብራቱ ተመልሶ አልበራም። ያገለገለ ሃይብሪድ የሚገዛ ሰው አስቀድሞ ይህን ቦታ አጎንብሶ ይመልከት።

የዓመቱ መጨረሻ የሽያጭ ሰሞን ሳይጀምር ደብዳቤዬን ብታወጡልኝ፣ ውል ለመፈረም የተዘጋጁ ወገኖቼ አስቀድመው የአፓርታማቸውን አስተዳደር ስለ ቻርጅ ማድረጊያው በጽሑፍ ለመጠየቅ ጊዜ ይኖራቸዋል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ