ለመቁረጥ አትቸኩዪ

ይድረስ ለልጄ፤

ለጤናሽ እንደምን ነሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ጉንጩ ስላበጠው የ12 ዓመት ልጅ የጻፍሽልኝን አነበብኩ። ፋይብረስ ዲስፕላዚያ (ጤናማ አጥንት በጭረታማ ሕብረ ሕዋስ የሚተካበት በሽታ) ብለሽ መጠርጠርሽ ልክ ነው። በሲቲ ስካኑ ላይ አጥንቱ ጭጋግ እንደያዘው መስታወት ደብዝዟል፤ ድንበሩም ሳይታወቅ ከጤናማው አጥንት ጋር ይቀላቀላል። ድንበሩ ጥርት ብሎ የተከለለ ቢሆን ኖሮ ኦሲፋይንግ ፋይብሮማን (ካንሰር ያልሆነ የአጥንት ዕጢ) አስቀድመሽ አስቢ እልሽ ነበር፤ ሕክምናቸው ይለያያል፣ ያኛው ሙሉ በሙሉ መውጣት አለበት። ምስሉ ካላጠራጠረ ባዮፕሲ (ናሙና ወስዶ መመርመር) ግድ አይደለም። ካስፈለገም ናሙናውን በአፍ ውስጥ ከመንጋጋው ውሰጂ እንጂ የራስ ቅሉን ወለል አትንኪ፤ ይህ አጥንት ደሙ ብዙ ነው።

ፊቱን ብቻ አይተሽ አትሸኚው። ልብሱን አስወልቂና ቆዳው ላይ ጠርዙ የተቆራረጠ ቡናማ ነጠብጣብ ፈልጊ። የጉርምስና ምልክት ያለጊዜው መጥቶ እንደሆነ ጠይቂ። የታይሮይድ፣ የእድገት ሆርሞን፣ የፎስፌትና የቫይታሚን ዲ ምርመራ ይሠራለት። ማክኩን-አልብራይት ሲንድሮም (የአጥንቱ በሽታ ከቆዳ ነጠብጣብ ወይም ከሆርሞን መዛባት ጋር ሲመጣ) ከሆነና የእድገት ሆርሞኑ ከበዛ አጥንቱ ይፋፋል፣ የዓይን ነርቩም ለአደጋ ይጋለጣል፤ ስለዚህ ሆርሞኑ ቀድሞ ይታከም።

ብዙ ሐኪም የሚሳሳተው ዓይኑ ላይ ነው። የነርቩ መተላለፊያ በሲቲው ጠቦ ስላዩት ብቻ ለመክፈት ይጣደፋሉ። እይታው ደህና እስከሆነ ድረስ አይከፈትም፤ ቀዶ ሕክምናው ራሱ ሊያሳውረው ይችላል። በየዓመቱ የእይታ ጥራቱ፣ የቀለም መለየቱና የእይታ ሜዳው ይለካ። እይታው በድንገት ከቀነሰ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ አጥንቱ ውስጥ በደም የተሞላ ከረጢት ወይም ሙኮሲል (ንፍጥ የሞላው ከረጢት) ተፈጥሮ ነርቩን ተጭኖት ይሆናል፣ አስቸኳይ ነው።

መልኩን ለማስተካከል የሚደረገውን የአጥንት ጠረባ፣ ሌላ የሚያስገድድ ነገር ከሌለ፣ እድገቱ እስኪያበቃ አቆዪው። ቀድሞ የተጠረበ ብዙ ጊዜ ተመልሶ ያብጣል፤ ይህንንም ለቤተሰቡ አስቀድመሽ ንገሪ። የጨረር ሕክምና ፈጽሞ አይሰጠው፤ አልፎ አልፎ ብቻ የሚያጋጥመውን ወደ ካንሰር የመለወጥ ዕድል ከፍ ያደርጋል። ሕመም ካለውና ተራ ማስታገሻ ካልያዘለት ዞሌድሮኒክ አሲድ የሚባለው የአጥንት መድኃኒት ይረዳል፤ እብጠቱን ግን አይቀንስም። ከመስጠትሽ በፊት ጥርሱ ይታከም፣ ቫይታሚን ዲውም ይስተካከል።

እናቱ «በእርግዝናዬ ምን አጥፍቼ ነው?» ማለቷ አይቀርም። ምንም። በሽታውን ያስከተለው የጂን ለውጥ የመጣው ከተፀነሰ በኋላ በአንዳንድ ሴሎች ላይ ብቻ ነው፤ ከወላጅ አልወረሰውም፣ ለልጆቹም አያወርስም። ይልቅ ዓይኑ ከደበዘዘ፣ እብጠቱ በድንገት ከጨመረ ወይም አዲስ ሕመም ከጀመረው ቀጠሮ ሳትጠብቅ እንድታመጣው በወረቀት ጽፈሽ ስጫት።

አባትሽ