ስንቅ ተሸካሚዎቹስ የት ገቡ?

ይድረስ ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። ጦርነት ስለቋጩ ታላላቅ ውጊያዎች ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁለቴ አነበብኩት። ወድጄዋለሁ። ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ጄኔራሎቹ ሁሉም በየስማቸው አሉ፤ ስንቁን ያደረሰው ሰው ግን የለም። እኔ ዕድሜዬን የፈጀሁት ንብረት ክፍል ውስጥ ነው። ዕቃ በሰዓቱ ሳይደርስ ሲቀር ምን እንደሚከተል ደጋግሜ አይቻለሁ። ስለዚህ የውጊያ ታሪክ ሳነብ መጀመሪያ የሚመጣብኝ ጥያቄ "ምን በልተው ተዋጉ?" የሚል ነው።

ቬትናም ውስጥ ያለውን ዲየን ቢየን ፉን ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ1954 ፈረንሳዮች ሸለቆ ውስጥ መሽገው ቬትናሞችን ይጠብቃሉ። ቀለባቸውም ጥይታቸውም የሚመጣው በአውሮፕላን ብቻ ነው። በዚያ ጫካና ተራራ ከባድ መድፍ የሚያወጣ ሰው ይኖራል ብለው አላሰቡም። ቬትናሞቹ መድፉን በሰው ጉልበት፣ በገመድ እየጎተቱ አወጡት። ሩዙን ደግሞ በብስክሌት አመጡት። ብስክሌቱ ላይ የሚወጣ ሰው የለም። መሪው ላይ ረዘም ያለ ቀርከሃ ይታሰራል፣ ከኮርቻው ኋላ ሌላ እንጨት ይቆማል፣ ሰውየው ከጎን ሆኖ ይገፋል። አንዱ ብስክሌት 200 ኪሎ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይጭን ነበር። ቁልቁለት ላይ ያን ሁሉ ጭነት ይዞ የሚያስቀር ክንድ ምን ዓይነት ክንድ ነው! በቬትናም መንግሥት ቆጠራ መሠረት በዚህ ሥራ የተሰማሩት ሲቪሎች ከ260,000 በላይ ናቸው። ቦምብ ስለሚወርድባቸው ብዙውን መንገድ የሄዱት በሌሊት ነው።

የቬትናሞቹ አዛዥ ጄኔራል ጂያፕ በጃንዋሪ ሊያጠቃ ተዘጋጅቶ ሳለ አልተመቸንም ብሎ ሰረዘው። በስንት መከራ የወጣው መድፍ ወደ ኋላ ተጎተተ፤ እንደገናም ወጣ። ጥቃቱ የተጀመረው ማርች 13 ነው። የፈረንሳይ መድፈኞች አዛዥ ኮሎኔል ፒሮት የጠላትን መድፍ ዝም አሰኛለሁ ብሎ ቃል ገብቶ ነበር። ሳይሆንለት ሲቀር በቀናት ውስጥ በእጅ ቦምብ ራሱን ገደለ። ማርች ሳያልቅ የአውሮፕላን ማረፊያው ከጥቅም ውጭ ሆነ። ከዚያ በኋላ ቀለብ የሚወርደው በጃንጥላ ብቻ ነው፤ የሚወድቀውም አንዳንዴ በጠላት እጅ ነው። ሜይ 7 ምሽጉ ተያዘ። በማግስቱ ጄኔቭ ላይ ስለ ኢንዶቻይና፣ ማለትም ስለ ቬትናምና ጎረቤቶቿ፣ ንግግሩ ተጀመረ።

የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት መጨረሻም ከዚህ አይርቅም። ኤፕሪል 1865 የደቡቡ ጄኔራል ሊ ጦር እያፈገፈገ አሚሊያ የምትባል ቦታ ይደርሳል። እዚያ ቀለብ ይጠብቀናል ብለው ነው የመጡት። የባቡሩ ፉርጎ ሲከፈት ጥይት ነው ያለው። ብስኩት የለ፣ ሥጋ የለ። እኔ በበኩሌ ይቺን ቦታ ሳነብ ሁሌም ሆዴን ታመኛለች። ሊ ጋሪዎቹን በየገበሬው ቤት ሲልክ አንድ ቀን አለፈው። ጋሪዎቹም ባዶ ለባዶ ተመለሱ። በዚያች አንድ ቀን የሰሜኑ ጄኔራል ግራንት ጦር ደረሰበት። ኤፕሪል 8 አፖማቶክስ ጣቢያ ላይ የመጣለት ቀለብም ተማረከ፤ በማግስቱ እጁን ሰጠ። ግራንት ያኔ ለተራበው ጦር 25,000 ሰው የሚያበላ ቀለብ ላከ። የእርሻ ወቅት ስለነበር ፈረስና በቅሎ ያላቸውም ይዘው እንዲሄዱ ተፈቀደላቸው።

በ1781 በአሜሪካ የነፃነት ጦርነት ዮርክታውን ላይ የእንግሊዙን ጄኔራል ኮርንዋሊስን የዘጋው የፈረንሳይ መርከብ ኃይል ነው። መኖ ስላለቀበት በመቶዎች የሚቆጠሩ ፈረሶቹን አሳርዷል። ሊረዳው የታሰበው መርከብ ከኒውዮርክ የተነሳው ኦክቶበር 19፣ እሱ እጅ በሰጠበት በዚያው ቀን ነው። ቻይና ውስጥም በ1948 እና በ1949 በተካሄደው የኋይሃይ ዘመቻ፣ ኮሚኒስቶቹን የመገበው ባለ አንድ ጎማ የእጅ ጋሪ የሚገፋ ገበሬ ነበር። የተከበበው የመንግሥት ጦር በበረዶ ውስጥ ፈረስ እያረደ በላ። ከአዛዦቹ አንዱ የነበረው ቼን ዪ ድሉ በገበሬው ጋሪ የተገፋ መሆኑን በግልጽ ተናግሯል። እንዲህ ብሎ የመሰከረ አዛዥ እወዳለሁ።

ዓድዋስ ቢሆን? የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ከመድረሱ በፊት ሁለቱም ሠራዊት እህል እያለቀበት ነበር። ለጣሊያኑ አዛዥ ለባራቴሪ የቀረው ስንቅ የጥቂት ቀን ነው። የአፄ ምኒልክም ሠራዊት እዚያ ብዙ መቆየት አይችልም። ባራቴሪ የሮም ጉትጎታ ሲበዛበት ቀድሞ ተነሣ። ከዚያ በፊት መቀሌ ላይ ምሽጉን ያስለቀቀው ምንጩ መያዙ ነው፤ ይህም የእቴጌ ጣይቱ ብልሃት ነበር። በውጊያው ቀን ውኃ ተሸክመው ለቁስለኛ ያደረሱትን ሴቶችስ ስንቶቻችን እናነሳቸዋለን?

ስለ ስንቅ የምጽፈው ግን ለማወደስ ብቻ አይደለም። ከናይጄሪያ ልገንጠል ብላ የተዋጋችውን ቢያፍራን ደግሞ አስታውሱ። ያ ጦርነት በስም የሚጠራ ታላቅ የመጨረሻ ውጊያ የለውም። እ.ኤ.አ. በ1968 የወደብ ከተማዋ ፖርት ሃርኮርት ከተያዘች በኋላ ባሕሩ ተዘጋ። እርዳታ የሚገባው በሌሊት በአውሮፕላን ነው። የሚያርፈውም ኡሊ በተባለ ቦታ፣ የመኪና መንገድ አስፍተው በሠሩት ማረፊያ ነው። መብራቱ የሚበራው አውሮፕላኑ መሬት እስኪነካ ብቻ ነው፤ ወዲያው ይጠፋል። በጃንዋሪ 1970 ቢያፍራ እጅ እስክትሰጥ ድረስ በረሃብ ካለቁት ብዙዎቹ ሕፃናት ናቸው። "ጦርነት የቋጩ ውጊያዎች" ብላችሁ ስትጽፉ እንዲህ ያለው አጨራረስ ዝርዝራችሁ ውስጥ ቦታ አያገኝም። ረሃብ ግን ከብዙ ጄኔራሎች በላይ ጦርነት ቋጭቷል።

ስለዚህ አንድ ልመና አለኝ። በሚቀጥለው ጽሑፋችሁ ከጂያፕ ፎቶ አጠገብ ያንን ብስክሌት አድርጉልኝ። ዛሬም ቬትናም ሙዚየም ውስጥ ቆሟል፤ መሪው ላይ ቀርከሃው እንደታሰረ።

አክባሪያችሁ፣
የዘወትር አንባቢያችሁ