የፒንችባክ 35 ቀናት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ስለ መጀመሪያው ጥቁር አሜሪካዊ አገረ ገዥ ሲጻፍ ሁለት ስሕተቶች ይደጋገማሉ። አንዳንዱ በ1990 ቃለ መሐላ የፈጸመውን የቨርጂኒያውን ዳግላስ ዋይልደርን ብቻ ያነሣል። ሌላው ደግሞ የሉዊዚያናው ፒ. ቢ. ኤስ. ፒንችባክ በ1872 «ተመርጦ» ገዛ ይላል። ዋይልደር በሕዝብ ድምፅ የመጀመሪያው ነው፤ ወንበሩ ላይ በመቀመጥ ግን ፒንችባክ ይቀድመዋል። (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ፒንችባክ በ1868 የተመረጠው ለግዛቱ ሴኔት ነበር። ጥቁሩ ምክትል አገረ ገዥ ኦስካር ደን በኖቬምበር 1871 ሲሞት ሴኔቱ ፒንችባክን ፕሬዚዳንቱ አድርጎ ሰየመው፤ የምክትሉም ሥራ ወደ እሱ ዞረ። ይህ ቀላል ሥልጣን አልነበረም፤ አገረ ገዥው ከግዛቱ ሲወጣ ሕግ የሚፈርመው ምክትሉ ነበር። በ1872 ሁለቱም ኒው ዮርክ ሳሉ ፒንችባክ አገረ ገዥ ሄንሪ ዋርመዝ ያልፈረማቸውን ሕጎች ሊፈርም በባቡር ወደ ኒው ኦርሊንስ ገሠገሠ። ዋርመዝም በሌላ ባቡር ተከተለው። ሚሲሲፒ ውስጥ ካንተን ጣቢያ ላይ ፒንችባክ «ቴሌግራም መጥቶልሃል» ተብሎ ወረደ፤ ቢሮ ውስጥ ተቆለፈበትና ባቡሩ ጥሎት ሄደ።

ዲሴምበር 9 ቀን 1872 የተወካዮች ምክር ቤቱ ዋርመዝን ከሰሰ። ብዙ ጸሐፊ የሚስተው እዚህ ላይ ነው። በዚያን ጊዜው የሉዊዚያና ሕግ የሴኔቱ ፍርድ ሳይጠበቅ ክሱ ብቻውን ከሥራ ያግድ ነበር። ፍርዱ ሳይሰጥ ጃንዋሪ 13 ቀን 1873 የሥልጣን ዘመኑ አለቀ። ስለዚህ ዋርመዝ ታገደ እንጂ አልተሻረም፤ ፒንችባክም በእነዚህ 35 ቀናት ተጠባባቂ ነበር፤ ሥልጣኑንም ለአዲሱ አገረ ገዥ ለዊልያም ኬሎግ አስረከበ። በዚያው ዓመት የግዛቱ ምክር ቤት ለአሜሪካ ሴኔት መረጠው፤ ሴኔቱ ግን ጉዳዩን ሲያንጠለጥል ቆይቶ በ1876 በ32 ለ29 ድምፅ ወንበሩን ነፈገው።

ትልቁ ሥራው ከእነዚያ 35 ቀናት ውጪ መሆኑ ያስቆጫል፤ ማንም አያነሣውምና። በ1868 ሕገ መንግሥት ጉባኤ ተወካይ ሆኖ በሕዝብ ማመላለሻና በንግድ ቤት ሁሉም እኩል እንዲስተናገድ ለሚያዘው አንቀጽ 13 ታግሏል። በ1879ኙ ጉባኤም ለጥቁሮች ሳውዘርን ዩኒቨርሲቲ እንዲቋቋም አድርጓል። ያው ግዛት በ1890 ጥቁርና ነጭ በባቡር ተለያይተው እንዲሳፈሩ ደነገገ፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ1896 አጸናው። ፒንችባክ እስከ 1921 በሕይወት ስለነበር ይህን ሁሉ አይቷል።

ስለ እሱ ስታትሙ «ተጠባባቂ» የምትለዋን ቃል አስገቡልን፤ አንቀጽ 13ንም አብራችሁ ጥቀሱ።