የ«ጣይቱ» ስም ፍለጋ፦ የቋንቋና ታሪክ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

የቋንቋና ታሪክ ክበብ ዘንድሮ ዓመቱን ሙሉ የሠራው በአንድ ስም ላይ ነው፤ ጣይቱ። ስሙን የማያውቅ ተማሪ የለም። የካቲት 23 በደረሰ ቁጥር በሰልፍ ሜዳው ይጠራል፣ ድራማ ይሠራበታል፣ በሚኒ ሚዲያው ይነበባል። በክፍል ውስጥ ስም ሲጠራ ግን «ጣይቱ» ተብላ «አቤት» የምትል ልጅ ብርቅ ናት። ይህን ያህል የሚታወቅ ስም ለልጅ ሳይወጣ እንዴት ቀረ? ክበቡ የተነሣው ከዚህ ጥያቄ ነው።

የመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ለስሙ አመጣጥ ዋለ። ትርጉሙ «ፀሐይ» መሆኑን ብዙዎቹ አባላት ቀድመውም ያውቁ ነበር። ፀሐይ እንዴት ጣይ እንደሆነች ማስረዳቱ ላይ ግን ሁሉም ይቆማል። መንገዱ ሁለት እርምጃ ብቻ ነው፣ ሁለቱንም በሌሎች ቃላት ማረጋገጥ ይቻላል። አንደኛው የጸ ድምፅ ወደ ጠ መለወጡ ነው፤ ጸጉርን ጠጉር እንላለን፣ የግዕዙ «ጸበበ» በአማርኛ «ጠበበ» ነው፣ «ጸብሐ» ደግሞ «ጠባ» ሆኗል። መስከረም ጠባ የምንለው ከዚሁ ነው፤ ነጋ ማለት ነው። ሁለተኛው የሐ መውደቅ ነው። ሐ ስትወድቅ ከእሷ የሚቀድመው ፊደል ወደ ራብዕ ይዞራል። የግዕዙ «ሠሐቀ» ሳቀ፣ «ሰሐበ» ሳበ የሆኑት በዚህ ሕግ ነው። ሁለቱን ሕጎች በተራ ስናሠራቸው ፀሐይ ጠሐይ፣ ጠሐይም ጣይ ትሆናለች። ጣይ የሞተ ቃል አይደለም፤ በገጠር አማርኛ ዛሬም ጣይ ትወጣለች፣ ጣይ ትጠልቃለች። የመጻሕፍቱና የትምህርት ቤቱ አማርኛ ግን በ«ፀሐይ» ጸንቷል። ይህ ነጥብ ወደ ኋላ ስለሚያስፈልገን ይያዝልን።

ጣይ ላይ የተቀጠለው «ኢቱ» ነው፤ የአንስታይ ጾታ መስተአምር፣ ማለትም የምናውቃትን አንዲቷን የሚያመለክት ቅጥያ። ሴቲቱ፣ ንግሥቲቱ፣ ላሚቱ ስንል የምንሰማው እሱው ነው። በዛሬው ንግግር ላሟ፣ ሴትየዋ ማለቱ ስለሚቀናን ኢቱ ወደ ጽሕፈትና ወደ ስም ሸሽቷል። ስለዚህ ጣይቱ ማለት ፀሐይ ብቻ ሳይሆን ፀሐይዋ፣ ያቺው ሁሉም የሚያውቃት ማለት ነው። የትግርኛውን «ፀሐይቱ» አጠገቧ ብናስቀምጥ ዝምድናው ቁልጭ ይላል፤ ኤርትራዊቷ ድምፃዊት ፀሐይቱ ባራኪ የያዘችው ስም ይኸው ነው፣ ፀም ሐም ሳይነኩ።

እዚህ ላይ ተማሪዎች ደጋግመው የሚወድቁበት ጉድጓድ አለ። «ቱ» ያየ ሁሉ ኢቱ ይመስለዋል። መንግሥቱ፣ ሀብቱ፣ እሸቱ ውስጥ ያለችው ት የቃሉ የራሱ ናት፤ መንግሥት፣ ሀብት፣ እሸት። የተጨመረው ኡ ብቻ ነው፣ እሱም ተባዕት ነው። መፈተኛው ቀላል ነው፤ «ቱ»ን ሙሉ በሙሉ አንሱት። የቀረው በራሱ የሚቆም ቃል ከሆነ (ከጣይቱ ጣይ፣ ወይም ኢን ጨምራችሁ ስታነሡ ከዘውዲቱ ዘውድ፣ ከወርቂቱ ወርቅ) የያዛችሁት ኢቱ ነው። «መንግሥ» ብሎ ቃል ግን የለም።

ወርቂቱንና ዘውዲቱን ያነሣነው በምክንያት ነው። የዳግማዊ ምኒልክ ሕይወት በኢቱ ስሞች የታጠረ ነው። በ1857 ከመቅደላ አምልጠው ሲወጡ የተቀበለቻቸው የወሎዋ ገዥ ወርቂቱ ናት፤ በ1875 ያገቧቸው ጣይቱ ናቸው፤ በ1909 ዘውድ የጫኑት ልጃቸው ዘውዲቱ ናቸው። ሦስቱም በየራሳቸው ቤት፣ በየራሳቸው ወላጅ የተሰየሙ ናቸውና ስሞቹ የአንድ ቤተሰብ ልማድ አይደሉም። በዚያ ዘመን የመኳንንቱ ቤት የወደደው አሰያየም ነበር ብንል አንሳሳትም። እቴጌይቱ የሚለው የማዕረግ አጠራር ራሱ ኢቱን እንደያዘ አንዲት የ9ኛ ክፍል አባል ስታስተውል ሰሌዳው ላይ ተጽፎ እስከ ሳምንቱ ሳይጠፋ ቆየ።

እቴጌይቱ ሌላም ስም ነበራቸው፤ ወለተ ሚካኤል፣ የክርስትና ስም። ዘውዲቱ አስካለ ማርያም ነበሩ። ከእነሱ ከመቶ ዓመት በላይ ቀድመው የነበሩት እቴጌ ምንትዋብም ወለተ ጊዮርጊስ ናቸው፣ በዚያ ላይ ብርሃን ሞገሳ የሚል የንግሥና ስም ነበራቸው። ሴት ልጅ በ80ኛ ቀኗ ክርስትና ስትነሣ የምትቀበለው ስም በቤተ ክርስቲያን መዝገብና በፍትሐት ላይ ይጠራል፤ ጣይቱ የሚለው የሚጠራው በጓዳና በገበያ ነው። ስለዚህ የቆየ የቤተ ክርስቲያን መዝገብ ገልጦ «ጣይቱ የምትባል የለችም» ማለት ስሕተት ነው። ልትኖር ትችላለች፣ ወለተ ሚካኤል ሆና።

ሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ለቆጠራው ሆነ፤ ከባዱም ይኸው ነበር። በአገራችን የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአዋጅ ቁጥር 760/2004 ተደንግጎ በተግባር የተጀመረው በ2008 ነውና የአያቶቻችንን ዘመን ስሞች ከእሱ አናገኝም። ቅርብ ያለው መዝገብ የክፍል ሮስተር ነው። ሮስተሩ ግን ለሴት ስም ዳኛ መሆን አይችልም። የተማሪዋ ስም፣ የአባቷ ስም፣ የአያቷ ስም ተብሎ ሲጻፍ ከአንዲት ልጅ አንድ የሴትና ሁለት የወንድ ስም ይገኛል። 50 ሴት ተማሪዎች ያሉበት ሮስተር 50 የሴት ስምና 100 የወንድ ስም ይሰጣል። 50 ወንዶች ያሉበት 150 የወንድ ስም ይሰጣል፤ የሴት ስም ግን አንድም የለበትም። የወንድ ስም ባለቤቱ ካለፈ በኋላ በልጁና በልጅ ልጁ ስም ላይ ሁለት ትውልድ ይኖራል። የሴት ስም ከባለቤቷ ጋር ይቀበራል። እቴጌይቱ ጣይቱ ብጡል ኃይለ ማርያም ተብለው ሲጠሩ አባትና አያታቸውን አብረን እንጠራለን። እናታቸው የውብዳር መባላቸውን የሚያውቅ ግን ከአንባቢ መካከልም ጥቂት ነው። የክበቡ የዓመቱ ትልቁ ግኝት ይህ ነው ብለን እናምናለን፦ የሴት ስም ብርቅ የሚመስለው አንዳንዴ ስላልነበረ ሳይሆን ስላልተጻፈ ነው።

ስለዚህ የሴት ስም የሚገኘው እናትንና አያትን በመጠየቅ ነው። ኤ4 ወረቀት ለአራት ተቆርጦ ካርድ ይሆናል፤ ለአንዲት ሴት አንድ ካርድ። እያንዳንዱ ተማሪ፣ ወንዱም ጭምር፣ ለእናቱ፣ ለእናቱ እናትና ለአባቱ እናት ሦስት ካርድ ይሞላል፤ ሴት ከሆነች የራሷን ትጨምራለች። በካርዱ ላይ የሚጻፈው መጠሪያ ስም፣ የተወለደችበት አሥርት ዓመት፣ የተወለደችበት ወረዳ፣ ስሙን ማን እንዳወጣላት፣ ሌላ ስም ይኑራት አይኑራት ነው። የአባት ስም አይጻፍም፣ የአሁን አድራሻም አይጻፍም። የክርስትና ስምን «አለ» ወይም «የለም» ብሎ ማለፍ ይበቃል፤ ብዙ እናቶች የክርስትና ስማቸውን ለሰው መንገር ስለማይወዱ መወትወት ነውር ነው።

አጠያየቁም ወግ አለው። ወረቀት ይዞ «ዕድሜዎ ስንት ነው?» ብሎ የጀመረ ተማሪ 60፣ 70፣ 80 የሚል ክብ ቁጥር ይዞ ይመለሳል። «እማማ፣ ስምዎን ማን አወጣልዎ?» ብሎ የጀመረ ግን ታሪኩን ከነዘመኑ ይሰማል። ዘመኑን ለማጥበብ ሁሉም የሚያስታውሳቸውን ጊዜያት መጥቀስ ይረዳል፦ ጣሊያን የወጣበት 1933፣ የታኅሣሥ ግርግር 1953፣ አብዮቱ 1966፣ የ77ቱ ድርቅ፣ ደርግ የወደቀበት 1983። «ያኔ ምን ያህል ነበሩ?» ተብሎ ሁለት ጊዜያት ከተጠየቀ አሥርቱ አይስትም። አንድ ብቻ ከተጠየቀ ግን ሊስት ይችላል።

ካርዶቹ ሲሰበሰቡ የተበላሹት አብዛኛውን ጊዜ በአራት ምክንያት ነው። አንዱ የዘመን አቆጣጠር ነው፤ ከፓስፖርት የተቀዳ ዓመት ከእኛው 7 ወይም 8 ዓመት ስለሚበልጥ ካርዱ በሌላ አሥርት ሳጥን ይገባል። ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. ያልተጻፈበት ካርድ ለባለቤቱ ይመለሳል። ሌላው ድግግሞሽ ነው፦ የአጎት ልጆች በአንድ ትምህርት ቤት ሲማሩ የአንዲት አያት ስም ሁለት ሦስት ጊዜ ይመጣል። ለተለመደ ስም ይህ ብዙ አይጎዳም፤ ለብርቅ ስም ግን አንዲት ጣይቱ ሁለት ስትሆን ውጤቱ በእጥፍ ያድጋል። ስምም ወረዳም አሥርትም የገጠሙ ካርዶች ከመቆጠራቸው በፊት ባለቤቶቻቸው ተጠርተው ይጠየቃሉ። ሦስተኛው አጻጻፍ ነው። ጣይቱ፣ ጣዪቱ፣ ጠይቱ፣ ታይቱ ተብላ መጥታለች። «ታይቱ» የሚመጣው በላቲን ፊደል ጣና ታ ስለማይለዩ ከፓስፖርት ተመልሶ ሲነበብ ነው፤ ከዚያም «ከታየች የመጣ ነው» የሚል ትርጉም ይበጅለታል። ከላይ ያየነው የፀሐይ መንገድ ይህን ትርጉም ውድቅ ያደርገዋል። ሁሉም በአንድ ስም ሥር ይቆጠራሉ፣ የመጣበት አጻጻፍ ግን በካርዱ ጥግ ይቆያል። አራተኛው እርሳስ ነው። በእርሳስ የተሞላ ካርድ ከሁለት ወር በኋላ አይነበብም።

ስለ መቶኛ አንድ ነገር ሳይባል አይታለፍም፣ ምክንያቱም በወላጆች በዓል ላይ በሰቀልነው ፍሊፕ ቻርት ላይ መጀመሪያ የተሳሳትነው እዚሁ ነው። አንድ አሥርት 40 ካርድ ብቻ ካለው አንዲት ጣይቱ 2.5 በመቶ ትሆናለች። 400 ካርድ ባለው አሥርት ግን ያቺው አንዲት 0.25 በመቶ ናት። ሁለቱን ጎን ለጎን ሰቅሎ «ስሙ በአሥር እጥፍ ቀነሰ» ማለት አይቻልም፤ የቀነሰው ስሙ ሳይሆን የጨመረው ካርዱ ሊሆን ይችላል። የአያቶች ሳጥን ምንጊዜም ትንሽ ነው፤ ብዙዎቹ በሕይወት የሉምና። ስለዚህ ቻርቱ ወርዶ መቶኛው ከ100 ካርድ በላይ ላላቸው አሥርቶች ብቻ እንዲጻፍ ተወሰነ። በቀሩት «ተገኝታለች» ወይም «አልተገኘችም» ብቻ ተባለ።

እንዲህ ተጠንቅቀንም የሳጥኖቹ መልክ ግልጽ ነው። በአያቶቹ ሳጥን ግሥ የሚነግሥባቸው ስሞች ይበዛሉ፤ አበበች፣ ዘነበች፣ ጥሩነሽ፣ ብዙነሽ። ጣይቱ እዚያ አለች፣ ግን አልፎ አልፎ ነው። በእናቶች ሳጥን ገነት፣ ሰላማዊት፣ ትዕግሥት ይመጣሉ፣ ፀሐይም አብራ አለች፤ ጣይቱ ግን ትሳሳለች። በተማሪዎቹ ሳጥን ቤተልሔም፣ ፌቨንና ሶልያና ቦታውን ይዘውታል። የዘይነባ፣ የፋጡማና የከድጃ ጉዞ የተለየ ነው፤ ከአያት እስከ ልጅ ሳይናወጡ ይዘልቃሉ፣ ራሱን የቻለ ጥናት ይገባቸዋል።

ፀሐይ ቆይታ ጣይቱ መሳሳቷ ነው ዋናው ፍንጭ። ልጁን በፀሐይ መሰየም የወደደ ወላጅ አልጠፋም፤ ቃሉ ነው የተቀየረበት። በትምህርት ቤት፣ በሬዲዮና በመታወቂያ ላይ የሚሰማው «ፀሐይ» ሲሆን፣ «ጣይ» ወደ ገጠር አነጋገር ስትሰበሰብ፣ ጣይቱ ትርጉሙ የሚሰማ ቃል መሆኗ ቀርቶ የአንዲት ሰው ስም ብቻ ሆነች። እንዲህ ያለ ስም ደግሞ ይከብዳል። አበበች ብሎ የሰየመ ምኞቱን ነው የገለጸው፤ ጣይቱ ብሎ የሰየመ ልጁን ከእቴጌይቱ ጎን ነው ያቆማት። አዲስ አበባን ከሰየመች፣ በዓድዋ ዘመቻ ከዘመተች ሴት ጎን። መታሰብ ሌላ፣ ስም ሆኖ መውጣት ሌላ መሆኑን ይህ ስም በደንብ ያሳያል። እቴጌይቱ በ1902 ከሥልጣን መገፋታቸው ስሙን አስፈርቶት ይሆን ወይ ተብሎ በክበቡ ብዙ ተከራክረናል፤ በካርድ የሚፈታ ጥያቄ ስላልሆነ ተወው ተብሏል።

አሜሪካ ያሉ ዘመዶች በበይነ መረብ የሚወጣውን የሶሻል ሴኩሪቲ መሥሪያ ቤት የሕፃናት ስም ዝርዝር ፈልገው «ጣይቱ የለችም» ብለው ለጻፉላቸው አባላት መልሱ ይህ ነው፦ ያ ዝርዝር በአንድ ዓመት ከ5 በታች ለሆኑ ልጆች የወጣን ስም አያወጣም፤ በላቲን ፊደል የተለያየ አጻጻፍ ያለውንም እንደ ተለያየ ስም ይቆጥረዋል። አራት ልጆች በአንድ አጻጻፍ፣ ሦስት በሌላ ቢመዘገቡ ሰባቱም አይታዩም።

ካርዶቹ በየአሥርታቸው በጫማ ካርቶን ተደርገው በቤተ መጻሕፍቱ የታችኛው መደርደሪያ ላይ ናቸው። ከ1940 በፊት ያለው ካርቶን ባዶ ሊባል ይችላል። በክረምቱ ወደ አያቶቻችሁ አገር የምትሄዱ ተማሪዎች አምስት አምስት ካርድ ከቤተ መጻሕፍቱ ውሰዱ፤ የመመለሻው ጊዜ የጥቅምት የመጀመሪያ ሳምንት ነው። በእስክሪብቶ ጻፉ። አያታችሁ ያሏችሁን እንዳሉት ጻፉት፤ ጣይ ካሉ ጣይ፣ ጠሐይ ካሉ ጠሐይ፣ አታርሟቸው።