ዋይድባንድ ጌጅ ስትገዙ መጀመሪያ ስለ ሴንሰሩ ጠይቁ

ይድረስ ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፣

ቱርቦ የተገጠመላቸውና ሞተራቸው ጉልበት እንዲያወጣ የተነካካ መኪኖች ባለቤቶች ዳሽቦርድ ላይ የአየርና የነዳጅ መጣኔ ጌጅ ያስገጥማሉ። ዋይድባንድ የሚባለው ነው። ይህን ማሰባቸው ጥሩ ነው፤ የሚያሳስበኝ አመራረጡ ነው። ገዢው ስለ መብራቱ ቀለምና ስለ ፊቱ ስፋት ይጠይቃል፣ ሻጩም ይህንኑ ይመልሳል። ጭስ ማውጫው ውስጥ የሚገባው ሴንሰር የትኛው እንደሆነ፣ ሲያረጅ ተለዋጩ ከየት እንደሚመጣ ግን ሳይነሳ ገበያው ያልቃል። ቁጥሩን የሚያመጣው ሴንሰሩ ነው። ቁጥሩ ሲሳሳት ሞተሩ ጤነኛ የሆነ መስሎት ሰው ቤንዚኑን እስከ መጨረሻ ይረግጣል፣ ፒስተንም የሚቀልጠው እንዲህ ሲሆን ነው። ስለዚህ ለአንባቢዎቻችሁ የሚጠቅም ዝርዝር ልጽፍ ፈለግሁ።

መኪናው ከፋብሪካ ይዞት የሚመጣው ተራ ኦክስጅን ሴንሰር ለዚህ ሥራ አይሆንም። ከ0.1 እስከ 0.9 ቮልት እየዘለለ የሚለየው አንድ ነጥብ ብቻ ነው፤ ቤንዚንና አየር ተመጣጥነው የሚቃጠሉበትን 14.7 ለ 1፣ ማለትም በክብደት 14.7 አየር ለ1 ቤንዚን። ቁጥሩ ከዚህ ሲያንስ ነዳጅ በዝቷል፣ ሲበልጥ አየር በዝቷል ማለት ነው። ነዳጅ በዝቷል ወይም አየር በዝቷል ይላል፣ ምን ያህል እንደበዛ ግን አይናገርም። 11.5 እና 13.5 ለእሱ አንድ ናቸው፤ ተረግጦ ለሚሄድ የቱርቦ ሞተር ግን የመጀመሪያው ጤና ነው፣ ሁለተኛው ጥፋት። ከዚሁ ተራ ሴንሰር ሽቦ ተስቦላቸው ባለ ቀለም መብራት የሚያስሮጡ ርካሽ ጌጆች ገበያ ላይ አሉ። መለያው ቀላል ነው፦ ከእውነተኛ ዋይድባንድ ሴንሰር አምስት ሽቦ ይወጣል፣ ሶኬቱ ላይ ደግሞ ስድስት ፒን ይቆጠራል። ተራው ከአራት ሽቦ አያልፍም።

አሁን ወደ ሴንሰሩ። ገበያ ላይ ያሉት አብዛኞቹ ጌጆች የሚሠሩት በቦሽ ሴንሰር ነው፤ በድሮው ኤልኤስዩ 4.2 ወይም በአዲሱ ኤልኤስዩ 4.9። ምርጫ ካላችሁ 4.9 ውሰዱ። 4.2 ለማነጻጸሪያ የሚጠቀመው ከውጭ የሚገባለትን ንጹሕ አየር ስለሆነ ያ አየር በጭስ ወይም በዘይት ትነት ሲበከል ንባቡ ቀስ በቀስ ይሸሻል፤ ጌጁም ይህን አያውቅም። 4.9 ማነጻጸሪያውን ኦክስጅን በትንሽ የኤሌክትሪክ ፍሰት ራሱ ስለሚያዘጋጅ ይህ ችግር የለበትም። ሁለቱ አይለዋወጡም። የማሞቂያቸው አሠራር ስለሚለያይ ለአንዱ የተሠራ ጌጅ ሌላውን በትክክል አያነብም። ከጌጆቹ መካከል ኤኢኤም ኤክስ ሲሪስም ሆነ ኢኖቬት ኤምቲኤክስ-ኤል ፕላስ በ4.9 ይሠራሉ። የዚህ ሴንሰር የቦሽ ቁጥር 0 258 017 025 ነው። ይህን ቁጥር ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ያዙ፤ ሶማሌ ተራ ስትጠይቁም ሆነ ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመድ ስታስቸግሩ የሚያስፈልገው የጌጁ ስም ሳይሆን ይህ ቁጥር ነው። ሴንሰር እንደ ካንዴላ የሚያልቅ ዕቃ ስለሆነ ጌጁን ስታስመጡ አንድ ተቀያሪ አብራችሁ አስመጡ። የቦሽ ስም ያለበት ሐሰተኛ ሴንሰርም በብዛት ይሸጣል፤ ዋጋው ከሌላው ሻጭ በግማሽ ከወረደ አትንኩት።

እያንዳንዱ ሴንሰር ከሌላው ትንሽ ስለሚለያይ ፋብሪካው ልዩነቱን የሚያርምበትን ሬዚስተር ሶኬቱ ውስጥ ያስቀምጣል። ሽቦው አጠረ ብሎ ሶኬቱን ቆርጦ ከሌላ ሶኬት ጋር የሚቀጥል ኤሌክትሪሻን ያንን እርማት አብሮ ይጥለዋል። ጌጁ ይበራል፣ ቁጥርም ያሳያል፤ ቁጥሩ ግን የዚያ ሴንሰር አይደለም። ማራዘም ካስፈለገ ከጌጁ አምራች የሚመጣ ማራዘሚያ አለ።

ከሴንሰሩ ቀጥሎ የሚጠየቀው ጌጁ ለሞተሩ ኮምፒውተር ወይም ለንባብ መቅጃ መሣሪያ ምን ዓይነት ምልክት ያወጣል የሚለው ነው። መኪናው በሙሉ ጉልበት ሲሄድ ሹፌሩ መንገድ ያያል እንጂ ቁጥር አያነብም፤ ሥራ ላይ የሚውለው የተቀዳው ንባብ ነው። አብዛኞቹ ከ0 እስከ 5 ቮልት የሚያወጣ ሽቦ አላቸው፣ ችግሩ ቀመራቸው አንድ አለመሆኑ ነው። በኤኢኤም ኤክስ ሲሪስ ቮልቱ በ2.375 ተባዝቶ 7.3125 ይደመርበታል። ኢኖቬት ደግሞ ከፋብሪካ ሲመጣ 0 ቮልት 7.35፣ 5 ቮልት 22.39 ነው። እንግዲህ ሽቦው ላይ 2 ቮልት ቢኖር በመጀመሪያው 12.06፣ በሁለተኛው 13.37 ማለት ነው። የኢኖቬትን ጌጅ አስገጥሞ ኮምፒውተሩ ላይ የኤኢኤምን ቀመር የጻፈ ባለሙያ ነዳጅ ያጠረውን ሞተር 12 ላይ ነው ብሎ ያሰናብተዋል። ኔጋቲቩም እንዲሁ ነው። የጌጁና የኮምፒውተሩ ኔጋቲቭ በተለያየ ቦታ ታስሮ በመካከላቸው 0.1 ቮልት ልዩነት ካለ ንባቡ በሩብ ነጥብ ያህል ይሳሳታል። ኮምፒውተራችሁ ካን የሚባለውን የመረጃ መስመር የሚቀበል ከሆነ፣ ካን የሚያወጣ ጌጅ ምረጡ፤ ቁጥሩ በቮልት ሳይሆን በዲጂታል ስለሚሄድ ሁለቱም ጣጣ ይቀራል።

በላምዳ ማንበብን ልመዱ። ላምዳ ማለት ሞተሩ ላይ ያለው የአየርና የነዳጅ መጣኔ ለዚያ ነዳጅ ተመጣጣኝ መጣኔ ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር ነው። ላምዳ 1 ማለት ነዳጁ ምንም ይሁን ምን ተመጣጥኖ የሚቃጠልበት ነጥብ ነው። ቤንዚን ውስጥ 10 ከመቶ ኤታኖል ሲገባ ያ ነጥብ ከ14.7 ወደ 14.1 ገደማ ይወርዳል፤ ለቤንዚን የተዘጋጀ ጌጅ ግን ላምዳ 1 ባየ ቁጥር 14.7 ብሎ ይጽፋል። በላምዳ የሚሠራ ሰው በዚህ አይደናገርም። ቱርቦ የሌለው ሞተር ሙሉ ሲረገጥ ከ0.85 እስከ 0.88፣ ባለ ቱርቦው ከ0.76 እስከ 0.80 አካባቢ ይፈለጋል፤ በቤንዚን ቁጥር ከ12.5 እስከ 13፣ እና ከ11.2 እስከ 11.8 ማለት ነው። በቀስታ ሲነዳ ሁለቱም 1 አካባቢ ይሆናሉ።

የአዲስ አበባ ከፍታ ለብቻው መነሳት አለበት። ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ የአየሩ ግፊት 76 ኪሎፓስካል አካባቢ ነው፣ ባሕር ዳርቻ ላይ 101። ውጭ አገር ለ1 ባር የቱርቦ ግፊት (ከውጭው አየር ግፊት በላይ) የተዘጋጀ ሞተር እዚህ ያንኑ ጉልበት ይስጥ ከተባለ ቱርቦው አየሩን በሁለት እጥፍ ማመቁ አይበቃውም፣ ወደ 2.6 እጥፍ ማመቅ አለበት። ቱርቦው ከመጠን በላይ ይሽከረከራል፣ የሚገባው አየር ይግላል፣ ሞተሩ ማንኳኳት (ነዳጁ ሲሊንደር ውስጥ ካለ ሥርዓት መፈንዳት) ይጀምራል። በኢሜይል የመጣ የሞተር ኮምፒውተር ቅንብር ፋይል ጭኖ ያለ ዋይድባንድ መሮጥ አደገኛ የሚሆነው ለዚህ ነው። ካርቡራቶር ያላቸው የድሮ መኪኖች ግልባጩ ይገጥማቸዋል፦ ባሕር ዳርቻ ላይ 14.7 የነበረ ቅንብር እዚህ ወደ 13 ይወርዳል፣ ነዳጅ ይበዛዋል። ጂግለሩ (የካርቡራቶሩ ነዳጅ ማሳለፊያ ቀዳዳ) ለአዲስ አበባ ከተቀነሰ በኋላ ደግሞ ያው መኪና አዋሽ ሲወርድ ነዳጅ ያጥረዋል። ከፍታ ሴንሰሩንም ይነካዋል። በነጻ አየር ላይ ተይዞ እንዲስተካከል የሚጠይቅ ጌጅ ካላችሁ፣ ኢኖቬት አንዱ ነው፣ ማስተካከያው መኪናው በሚውልበት ከተማ ይሠራ፤ ሴንሰሩም ከጭስ ማውጫው ወጥቶ፣ ከጋራዥ ጭስ ርቆ ይያዝ።

ገጠማው ላይ የሚበላሸው ብዙ ነው። ጭስ ማውጫው ላይ የሚበየደው ዳዶ 18 ሚሊሜትር፣ ጥርሱ 1.5 ነው። ቱርቦ ያለው መኪና ላይ ቦታው ከቱርቦው በኋላ ቢያንስ 60 ሴንቲሜትር ርቆ፣ ጭሱን ከሚያጣራው ካታሊስት በፊት ነው። ከቱርቦው በፊት ከገባ ሙቀቱ ይገድለዋል፣ ግፊቱም ንባቡን ያጋንነዋል። ከካታሊስቱ በኋላ ከሆነ ደግሞ የሚያነበው ካታሊስቱ የቀየረውን ጭስ ነው። ሴንሰሩ ከላይ ወደ ታች ያዘንብል፤ ከአግድም ቢያንስ 10 ዲግሪ ከፍ ይበል። ሞተር ሲነሳ ቧንቧ ውስጥ የሚጠራቀመው ውኃ በጋለው ሴራሚክ ላይ ከፈሰሰ ሴራሚኩ ይሰነጠቃል። ዳዶው ሲበየድ ሴንሰሩ ውስጡ አይሁን፣ በቦታው ቡሎን ይታሰርበት። ሲጠብቅ 50 ኒውተን ሜትር ገደማ ይበቃዋል። ሲልኮን ማሸጊያ በአጠገቡ አይድረስ፣ ትነቱ ሴንሰሩን ይመርዘዋል። ዘይት የሚያቃጥል ወይም የቴስታታ ጋስኬቱ ውኃ የሚያስገባ ሞተር ላይ አዲስ ሴንሰር መትከል ገንዘብ መጣል ነው፤ መጀመሪያ ሞተሩ ይሠራ።

ኤሌክትሪኩ ቁልፍ ሲከፈት ብቻ ከሚመጣ መስመር፣ አምራቹ ባዘዘው ፊውዝ በኩል ይወሰድ። ከቤንዚን ፓምፕ ወይም ከኮይል መስመር አትጥለፉ። ጌጁ ጠፍቶ ሴንሰሩ ጭስ ማውጫው ውስጥ ከቀረ ማሞቂያው ስለማይሠራ ጥላሸት ይደፍነዋል። ጌጁን ለጊዜው የምትነቅሉ ከሆነ ሴንሰሩንም አውጥታችሁ ዳዶውን በቡሎን ዝጉት።

ከተገጠመ በኋላ ቁጥሩን ከማመን በፊት አንድ ቀላል ፈተና አለ። መኪናው በማርሽ እየሄደ እግራችሁን ከነዳጅ ፔዳሉ ሙሉ በሙሉ አንሱ። ኢንጀክተሮቹ ሲዘጉ ጭስ ማውጫው ውስጥ የሚያልፈው ንጹሕ አየር ስለሆነ ጌጁ ወዲያውኑ ወደ ላይኛው ጫፍ መሄድ አለበት። ካልሄደ ወይም እየተጎተተ ከሄደ ሴንሰሩ አልቋል፣ ወይም ሽቦው አንድ ነገር ሆኗል።

አየር በዝቷል የሚል ንባብ ስታዩም ወዲያው ነዳጅ አትጨምሩ። ከሴንሰሩ በፊት የጭስ ማኒፎልዱ ጋስኬት ላይ ቀዳዳ ካለ ውጭ ያለው አየር ይሳብና ጌጁ ነዳጅ አጥሯል ይላል፤ በተለይ መኪናው ቆሞ ሞተሩ ሲንተከተክ ይህ ይታያል። አንድ ካንዴላ እሳት ሲያጣም ያልተቃጠለው ኦክስጅን ወጥቶ ተመሳሳይ ንባብ ያመጣል፣ በእውነቱ ግን ያ ሲሊንደር ቤንዚን እየጠጣ ነው። በሁለቱም ጊዜ ነዳጅ የጨመረ ሰው ዘይቱን በቤንዚን ያጥበዋል።

የመጨረሻው፣ ጌጁ የሚያሳየው የሁሉም ሲሊንደሮች አማካይ መሆኑ ነው። ከአራት ሲሊንደር ሦስቱ 11.5 ላይ ሆነው፣ አንዱ ኢንጀክተሩ በመደፈኑ 14 ላይ ቢሆን ጌጁ 12 ይጽፋል። 12 ለሚያይ ሰው ሞተሩ ትንሽ ነዳጅ የጎደለው ይመስለዋል፤ አራተኛው ፒስተን ግን በዚያው ሰዓት እየነደደ ነው። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ከባድ ሙከራ በኋላ ሞተሩን አጥፍታችሁ አራቱንም ካንዴላዎች ንቀሉና ጎን ለጎን አስቀምጡ። ሦስቱ ቡናማ ሆነው አንዱ ነጭ ከወጣ፣ ጌጁ ምንም ይበል ምን፣ መኪናው ኢንጀክተሩ ታጥቦ እስኪፈተሽ ድረስ ቱርቦ አይንፋ።

ከአክብሮት ጋር፣
በሞተር ማስተካከል ሙያ የሚሠራ አንባቢያችሁ
አዲስ አበባ