የበግና የፍየል ባክቴሪያ ዜናችሁ ጎደሎ ነው

ለአዘጋጁ፣

በግና ፍየል አንጀት ውስጥ መድኃኒት የማይበግረው ባክቴሪያ ተገኘ በተባለ ቁጥር ዜናው ላይ «ገዳይ» የሚል ቅጥያ አይጠፋም። የእንስሳት ላቦራቶሪ ውስጥ ስለምሠራ ነገሩ ይከነክነኛል። መድኃኒት መላመድ ሌላ፣ በሽታ ማምጣት ሌላ።

ከበጠጥ ያገኘነውን ኢ. ኮላይ የተባለ የአንጀት ባክቴሪያ ሳህን ላይ እንዘራዋለን። ከላዩ አንቲባዮቲክ የነካቸው ትንንሽ ክብ ወረቀቶች እናስቀምጣለን። መድኃኒቱ ከሠራ በማግስቱ የወረቀቱ ዙሪያ ጠርቶ ይታያል። ቴትራሳይክሊን በተባለው አንቲባዮቲክ ዙሪያ ግን ባክቴሪያው ወረቀቱ ጥግ ድረስ ግጥም ብሎ በቅሎ ማየት ብርቅ አይደለም። ለዓመታት ያለ ስስት ሲወጋ የኖረ መድኃኒት ነውና አይገርምም። ያ ሳህን ግን ባክቴሪያው ሰው ያሳምም እንደሆነ አይነግረንም። ለዚያ የመርዝ ጂኖችን በፒሲአር፣ ማለትም የተፈለገውን ዲኤንኤ አባዝቶ በሚያሳይ ምርመራ፣ መፈለግ ያሻል።

ተቃራኒውም አለ። ኦ157 የሚባለው የኢ. ኮላይ ዓይነት ሺጋ የተባለ መርዝ ያመነጫል። በጉ ምንም ሳይሆን አንጀቱ ውስጥ ይዞት ይዞራል። ሕፃን ልጅ ላይ ግን ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ያመጣል፤ ሲብስም ኩላሊት ያደክማል። ባክቴሪያው መድኃኒት ባይላመድ እንኳ ሐኪሞች እዚህ ላይ አንቲባዮቲክ ከመስጠት ይቆጠባሉ። አንዳንዱ መድኃኒት መርዙን ይበልጥ ሊያስለቅቀው ይችላል።

የሚከፋው ሁለቱ ሲገናኙ ነው። ፕላዝሚድ የምንላት፣ ከባክቴሪያ ወደ ባክቴሪያ መተላለፍ የምትችል የዲኤንኤ ቀለበት አለች። የመላመዱም የጎጂነቱም ጂን እሷ ላይ አብረው ሊሳፈሩ ይችላሉ። ያኔ መድኃኒት በወጋን ቁጥር ጎጂውንም አብረን እናራባለን። ፍየል ላይ ደግሞ የበግ ዶዝ በዓይን ግምት ይሰጣል። የፍየል ሰውነት ብዙ መድኃኒቶችን ከበግ ፈጥኖ ስለሚያስወግድ፣ ለበግ የበቃው ለእሷ ያንሳል። ያልገደለው ዶዝ ያለማምዳል።

አንድ ልጨምር። ከመርፌው በኋላ እስከ ዕርድ መጠበቅ ያለበት ቀን ከተጠበቀ ሁሉ ያለቀ የሚመስለው ብዙ ነው። ያ ቀን የሚጠበቀው የመድኃኒቱ ቅሪት ከሥጋው እስኪወጣ ነው፤ የተላመደው ባክቴሪያ አንጀት ውስጥ እንዳለ ሊቆይ ይችላል። ዕርድ ላይ ቢላው አንጀት ከበሳ ፈርሱ ሥጋው ላይ ይፈስሳል። ሥጋው በደንብ ሲበስል ባክቴሪያው ይሞታል፣ እሱ አያሳስብም። የሚያሳስበው ሳይበስል የነካው እጅና ቢላ፣ በዚያው መክተፊያ ላይ የሚከተፍ ጥሬ አትክልት ነው።

በሚቀጥለው ዜና ዘጋቢያችሁ አራት ነገር ይጠይቅልን፦ ባክቴሪያው የትኛው ነው? የትኛውን መድኃኒት ተላመደ? የመርዝ ጂን ተፈልጓል? እንስሳቱስ የታመሙ ነበሩ ወይስ ጤነኛ? መልሱ «አልፈለግንም» ከሆነም እሱኑ ጻፉት።

አንድ የእንስሳት ላቦራቶሪ ባለሙያ