ከዕጢው ዙሪያ ያለው ጉበት

ጽጌዬ፣

እንዴት ነሽ? እማማ እንዴት ናቸው? ልጆቹስ? ሐዋሳ ዝናቡ ገባ ወይስ እንደኛ አዳማ ገና በሙቀት ትነዳላችሁ? ከተጻጻፍን ቆየን። የከረምኩት ጋሼን ይዤ ስሮጥ ነው። ያሳደገኝ እሱ መሆኑን ታውቂያለሽ።

ጉበቱ ላይ የካንሰር ዕጢ ተገኘበት። ለካ ሄፓታይተስ ቢ የሚባለው የጉበት ቫይረስ ማንም ሳያውቅ ለዓመታት ሰውነቱ ውስጥ ኖሯል። አዲስ አበባ ኦፕራሲዮን ተደርጎ ዕጢው ወጣለት። አሁን ቤቱ ነው፣ ምግብ ጀምሯል፣ ወደ ማታ ፍራንኮ ድረስ በእግሩ ወጣ ብሎ ይመለሳል። እግዚአብሔር ይመስገን። ቀጠሮ ሲኖረው በፍጥነት መንገዱ ጠዋት ሄደን ማታ እንገባለን።

ቤታችን ውስጥ ግን አንድ ጥያቄ አለ፤ ይመለስበት ይሆን? ሐኪሙ አልደበቀንም። ዕጢው በኦፕራሲዮን ከወጣላቸው ሰዎች እስከ 70 በመቶ በሚሆኑት ላይ በ5 ዓመት ውስጥ ካንሰሩ እንደገና ይታያል። ማን ላይ እንደሚመለስ ለመገመት የዕጢው መጠንና ብዛት፣ ደም ሥር ውስጥ መግባት አለመግባቱ፣ ኤኤፍፒ የሚባለው የደም ምርመራ፣ የቀረው ጉበት ምን ያህል እንደሚሠራ ይታያል። ይሁን፣ ጥሩ ነው። ግን በዚህ ሁሉ አንድ ዓይነት ሆነው አንዱ ደህና ሲኖር ሌላው ላይ የሚመለሰው ለምንድን ነው? እሱ ነው እንቅልፍ የነሳኝ። ከዚያ ወዲያ ማታ ማታ ማንበብ ጀመርኩ፣ ያነበብኩት ደግሞ ዞሮ ዞሮ አንቺ የምትሠሪበት የሥጋ ናሙና ላብራቶሪ ደረሰ፤ ለዚህ ነው የምጽፍልሽ።

እ.ኤ.አ. በ2008 ዩጂን ሆሺዳና ባልደረቦቹ ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ላይ ያወጡት ጥናት አለ። ከጉበት ካንሰር ታማሚዎች ተቆርጦ እንዳይበላሽ በፎርማሊንና በፓራፊን ሰም የተቀመጠ ሥጋ ወሰዱ፤ ያው አንቺ በየቀኑ ማይክሮቶም በሚባለው ስስ አድርጎ በሚቆርጠው መሣሪያ ላይ የምትቆርጪው ብሎክ ማለት ነው። አንዳንዱ ከ24 ዓመት በላይ የቆየ ነበር! ከዚያ ውስጥ የተሰባበረውን አርኤንኤ፣ ማለትም የትኛው ጂን እየሠራ እንደነበር የሚያሳየውን ሞለኪውል፣ አውጥተው ከ6,000 በላይ ጂኖችን አነበቡ። የትኛው ጂን በርትቶ እየሠራ ነበር? የትኛው ዝም ብሎ ነበር? ከዚያ በፊት እንዲህ ላለው ሥራ ወዲያው በብርድ የተቀመጠ ሥጋ ነበር የሚፈለገው፤ ያንን ደግሞ ስንት ሆስፒታል ይዞ ይገኛል?

ቀጥሎ ያለውን ሦስት ጊዜ ነው መላልሼ ያነበብኩት። የዕጢው የራሱ ጂኖች ታማሚው ምን ያህል እንደሚኖር አልተናገሩም። የተናገረው ከዕጢው ዙሪያ ያለው፣ ካንሰር የሌለበት ጉበት ነው! 186 ጂኖች ተለይተው ወጡ። መጀመሪያ 82 ጃፓናውያን ላይ ታየ፣ ቀጥሎ ከአሜሪካና ከአውሮፓ በመጡ 225 ሰዎች ላይ ተፈትኖ ያዘ። መጥፎውን ምልክት የያዙት ጉበቶች ውስጥ ከብግነት ጋር የተያያዙ ጂኖች በርትተው ይሠሩ ነበር። አረሙ ቢነቀልም ዘሩ መሬቱ ውስጥ አለ እንደማለት ነው። ከኦፕራሲዮኑ 2 ዓመት በኋላ የሚመጣው ካንሰር ብዙ ጊዜ የድሮው ሳይሆን በተጎዳው ጉበት ላይ አዲስ የበቀለ ነው፤ ለዚህ ነው ዙሪያው የሚናገረው።

ጋሼ «ታዲያ ለኔ አይሠሩልኝም?» አለኝ። እውነቱን ነገርኩት። ዛሬ ሐኪም የሚያዝልህ ምርመራ አይደለም፣ ቢሠራም ሰዎችን ብዙ የሚያሰጋቸውና ትንሽ የሚያሰጋቸው ብሎ ይለያል እንጂ ያንተን ቀን አይቆርጥም አልኩት። ለሱ የሚጠቅመው የቫይረሱን መድኃኒት ሳያቋርጥ መዋጥና በየቀጠሮው መታየት ነው። ራሱን ነቀነቀና ዝም አለ።

አንቺን ግን የምለምንሽ አለኝ። ያ ጥናት ከአፍሪካ የተሰበሰበ ናሙና የለበትም። እኛ ጋ ሄፓታይተስ ቢ አለ፣ በቆሎና ለውዝ ሲሻግት የሚፈጠረው አፍላቶክሲንም አለ፤ እሱ ራሱ ለጉበት ካንሰር ይዳርጋል። እነዚያ 186 ጂኖች የኛ ሰው ጉበት ላይም ያው ነገር ይናገራሉ ወይ ለሚለው መልሱ ያለው ናንተ መደርደሪያ ላይ ነው። ስለዚህ የጉበት ናሙና ሲመጣ ዕጢውን ብቻ አታስቀምጡ፣ ራቅ ካለው ጉበትም ለብቻው አንድ ብሎክ ሥሩ፣ ምልክት ይደረግበት። ደግሞ ሥጋው ከኦፕራሲዮን ክፍል ወጥቶ ፎርማሊን ሳይነካው ሰዓታት ከቆየ አርኤንኤው ያልቃል፣ ፎርማሊን ውስጥ ለቀናት ሲረሳም እንደዚሁ። ይሄን ከኔ በላይ ታውቂያለሽ፣ ግን ቀዶ ሐኪሞቹ ጋ ሄደሽ ተናገሪልኝ። ቦታ ጠበበ ተብሎ የቆየ ብሎክ ሲጣል እንዳላይ በጣም ነው የምሰጋው።

የጋሼን ልጆች ሁሉንም አስመርምረናል። ሄፓታይተስ ቢ በሕፃናት ክትባት ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው፤ እነሱ ከዚያ በፊት ስለተወለዱ አላገኙትም። ሁለቱ ነፃ ናቸው፣ ክትባቱን ጀምረዋል። ታላቁ ቫይረሱ አለበት፣ ክትትል ላይ ነው። አንቺስ ተከትበሻል? ቀኑን ሙሉ ከደምና ከሥጋ ጋር ነው የምትውይው።

በይ ቶሎ ጻፊልኝ። የጉበት ብሎኮች ከየትኛው ዓመት ጀምሮ እንዳሏችሁና መዝገቡ ላይ የታማሚው ቀጣይ ሁኔታ ይጻፍ እንደሆነ ንገሪኝ። አዳማ ካለፍሽ ደግሞ ጋሼን ሳታዪ እንዳትሄጂ፣ ይጠይቅሻል።

እህትሽ